በአይሮፕላን ክንፍ ላይ ካሜራ ከመታሰሩ በፊት



ልጆቻችሁ በስልካቸው የሚመለከቱትን አብራችሁ የምትመለከቱ ከሆነ፣ ከትንሽ አይሮፕላን ክንፍ ሥር የተነሣ ፊልም ሳታዩ አልቀራችሁም። ክንፉ በስተላይ ይታያል፤ ፕሮፔለሩ ይሽከረከራል፤ እርሻው፣ መንገዱና የቤቱ ጣራ ከታች ወደ ኋላ ይሮጣል፤ አብራሪው በመስኮቱ ውስጥ ሆኖ እጁን ያወዛውዛል። ይህን ፊልም ያነሣው ጎን ለጎን የሚበር ሌላ አይሮፕላን አይደለም። ከአይሮፕላኑ ውጭ፣ ክንፉ ወይም ክንፉን የሚደግፈው ዘንግ ላይ የታሰረች፣ ከሲጋራ ፓኮ የማትበልጥ ካሜራ ናት።

ልጆቹ ካሜራዋን «ጎፕሮ» ይሏታል። ጎፕሮ የአንድ የአሜሪካ ኩባንያ ስም ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2004 ለመጀመሪያ ጊዜ የሸጣት ካሜራ በእጅ አንጓ ላይ የምትታሰር፣ ተራ የፎቶ ፊልም የምትጎርስ፣ በባሕር ሞገድ ላይ ለሚንሸራተቱ ስፖርተኞች የታሰበች ነበረች። ዛሬ ሌሎች ኩባንያዎችም መሰሏን ይሠራሉ፤ በልጆች አፍ ግን ሁሉም ጎፕሮ ነው።

ስለዚህ ነገር በዚህ ገጽ የምጽፈው ስለ ካሜራ ንግድ ለማውራት አይደለም። በማኅበራዊ ሠራተኝነት ሥራዬ ወላጆች በዕብራይስጥ የተጻፈ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ፤ የትምህርት ቤት ጉዞ፣ የሐኪም ቤት ፈቃድ፣ የባንክ ውል። አሁን አሁን ደግሞ አልፎ አልፎ የበረራ ወረቀት ማየት ጀምሬአለሁ። አንዱ ልጅ ለልደቱ የአንድ ሰዓት በረራ ተሰጥቶታል፤ ሌላው ገንዘብ አጠራቅሞ የአብራሪነት ትምህርት ጀምሯል። በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት የግል አይሮፕላን አብራሪ ፈቃድ ለማግኘት 17 ዓመት መሙላት ይበቃል። ከወረቀቱ ጋር ታዲያ ጥያቄ ይመጣል፦ «ልጄ ካሜራ ገዝቷል፤ ክንፉ ላይ አስሬ ልብረር ይላል፤ ልከልክለው ወይስ ልተወው?» ከሃያ ዓመት በፊት ቢሆን እንዲህ ብሎ የሚጠይቀኝ ወላጅ አይኖርም ነበር። ስለዚህ ጥያቄውን ስሰማ በመጀመሪያ ደስ ይለኛል።

መልሴ ግን መከልከልም መተውም አይደለም። «ማን አይቶ ፈቀደው?» ብላችሁ ጠይቁ ነው። ይህን አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ አብራሪ መሆን አያስፈልግም፤ ዕብራይስጥ ጠንቅቆ ማወቅም አያስፈልግም። ለምን መጠየቅ እንዳለበት ለመረዳት ግን ጥቂት ነገር ማወቅ ይጠቅማል፤ ከዚህ ቀጥሎ እርሱን አስረዳለሁ።

የትንሿ አይሮፕላን ነገር

አብዛኞቻችን አይሮፕላን የምናውቀው ወደዚህ አገር ያመጣንን ትልቁን ነው። ቤት የሚያህለው አይሮፕላን አንዲት ካሜራ ብትለጠፍበት ከነመኖሯም አያውቃት ይሆናል። ልጆች የሚማሩበት አይሮፕላን ሌላ ነው። በዓለም ላይ በብዛት ከተሠሩት መካከል «ሴስና 172» የሚባለውን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ ለገበያ የቀረበ፣ ከ44,000 በላይ የተሠራ፣ አራት ሰው የሚይዝ፣ ክንፉ ከጣራው በላይ የተዘረጋ፣ በሁለቱም ጎን ክንፉን የሚደግፍ ሰያፍ ዘንግ ያለው ነው። ሰውነቱ የስስ አልሙኒየም ቆርቆሮ ነው። በእጃችሁ ብትነኩት ቀላልነቱ ይገርማችኋል።

እንዲህ ባለ አይሮፕላን ላይ ከውጭ የተሰቀለ ነገር ሁሉ ነፋስ ያገኘዋል። መኪና ሲሄድ እጃችሁን በመስኮት አውጥታችሁ ታውቁ እንደሆነ ነፋሱ እንዴት እንደሚገፋ ታውቃላችሁ። ሴስና 172 በሰዓት ወደ 220 ኪሎ ሜትር ይበራል። በዚህ ፍጥነት 150 ግራም ገደማ የምትመዝነውን ካሜራ ነፋሱ ወደ ኋላ የሚገፋት የአንድ ኪሎ ክብደት በሚያህል ኃይል ነው። ማሰሪያውና ክንዱ ሲጨመሩ ከዚያም ያልፋል።

እዚህ ላይ ወጣቶች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። «በመኪና ላይ አስሬ በትልቁ መንገድ ነድቻለሁ፤ አልወደቀችም» ይላሉ። የነፋስ ግፊት ግን ከፍጥነት ጋር እኩል አይጨምርም። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በመኪና 110 ኪሎ ሜትር ላይ የሩብ ኪሎ ግፊት የቻለች ማሰሪያ፣ በአይሮፕላን 220 ላይ አንድ ኪሎ ሙሉ ትሸከማለች። በዚያ ላይ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። በደቂቃ 2,400 ጊዜ የሚዞር ባለ ሁለት ምላስ ፕሮፔለር በየሰከንዱ 80 ጊዜ ይመታል። በጣት የጠበቀች ብሎን ይህን መንቀጥቀጥ ለአንድ ሰዓት ያህል ከተቀበለች መላላቷ አይቀርም።

አንድ ኪሎ ግፊት አይሮፕላኑን ከመንገዱ አያስወጣውም፤ አትስጉ። የሚያሳስበው ካሜራዋ የት እንደተቀመጠችና ብትላቀቅ ወዴት እንደምትሄድ ነው።

የት እንደምትቀመጥ

በሴስና 172 ግራ ክንፍ ሥር አንዲት ቀጭን ቱቦ ወደ ፊት ተቀስራ ትታያለች። ስሟ ፒቶ ቱቦ ነው። ነፋስ በአፏ ይገባና አይሮፕላኑ በምን ፍጥነት እንደሚበር ለአብራሪው ትነግረዋለች። በዚያው በግራ ክንፍ ግንባር ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ አይሮፕላኑ ፍጥነቱ አንሶ ክንፉ መሸከም ሊያቅተው ሲል አየር በውስጧ ይሳብና እንደ አርሞኒካ ትጮኻለች። ይህች ጩኸት የብዙ ሰው ነፍስ አትርፋለች። ከግራው ዘንግ አጠገብ የነዳጅ ጋኑ መተንፈሻ አለ፤ እርሱ ቢደፈን ነዳጅ እንደ ልብ አይወርድም። ከበሩ ፊት ለፊት፣ አሁንም በግራ በኩል፣ ከፍታን የሚለካው መሣሪያ አየር የሚወስድባት እንደ መርፌ ቀዳዳ የምትታይ ነጥብ አለች። እንግዲህ ይህ ሁሉ በአንድ ጎን መሆኑን ልብ በሉ። ከፒቶ ቱቦዋ ፊት ወይም አጠገብ የተሰቀለች ካሜራ ነፋሱን ታምሰዋለች፤ ያን ጊዜ የፍጥነት መለኪያው ይዋሻል። አብራሪው በ100 እበራለሁ ሲል በሌላ ፍጥነት እየበረረ ሊሆን ይችላል። በበረራ ውስጥ ደግሞ፣ በተለይ ለማረፍ ሲወርዱ፣ ፍጥነትን አለማወቅ የሚገድል ነገር ነው።

ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች ካሜራ ሲያስሩ በአብዛኛው ወደ ቀኝ ጎን ይሄዳሉ። ቀኙም የራሱ ጉድለት አለው፤ አብራሪው በግራ ወንበር ስለሚቀመጥ ካሜራዋ ብትላላ ቶሎ ላያያት ይችላል። ከሁለቱ ግን ቀኙ ይሻላል፤ እኔም ለሚጠይቁኝ ይህንኑ አስተማሪያቸውን እንዲያነጋግሩበት እነግራቸዋለሁ።

ፈጽሞ ካሜራ የማይነካው ቦታም አለ። ከክንፉ ኋላ በኩል ወደ ላይና ወደ ታች የሚታጠፉት ክፍሎች፣ እንዲሁም ጭራው ላይ የሚንቀሳቀሱት ሁሉ፣ አይሮፕላኑ የሚታዘዝባቸው መሪዎቹ ናቸው። እነዚህ በግራም ተለክተው፣ ሚዛናቸው ተጠብቆ የተሠሩ ናቸው። በላያቸው ላይ ትንሽ ክብደት ቢጨመር በነፋስ ውስጥ እንደ ባንዲራ መርገብገብ ሊጀምሩ ይችላሉ። መርገብገቡ ከጀመረ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ክፍሉን ሊገነጥለው ይችላል። ቀለም ከተቀቡ በኋላ እንኳ ሚዛናቸው እንደገና የሚለካው ለዚህ ነው።

ካሜራዋ ብትላቀቅስ? ከክንፉ በስተኋላ ጭራው አለ። ነፋስ የወሰዳት ካሜራ ጭራውን ብትመታ ቆርቆሮውን ልትጎዳ ትችላለች። ጭራውን ብትስት ደግሞ ወደ ምድር ትወርዳለች። ይህን የምታህል ነገር ከሰማይ ስትወርድ አየሩ እየያዛትም ቢሆን መሬት የምትደርሰው በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከታች ሰው አለ፣ መኪና አለ፣ የትምህርት ቤት ግቢ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 በኢንተርኔት ብዙ ሰው የተመለከተው አንድ ፊልም ነበር። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ከአይሮፕላን የወደቀች ካሜራ እየተሽከረከረች ወርዳ በአሳማዎች በረት ውስጥ ታርፋለች፤ አንድ አሳማም መጥቶ ሊበላት ይሞክራል። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ስቄአለሁ። ነገር ግን በረቱ ውስጥ በዚያች ሰዓት የቆመ ሰው ቢኖር ማንም አይስቅም ነበር። በአሜሪካ ደንብ አብራሪው በሰው ወይም በንብረት ላይ አደጋ የሚያስከትል ነገር ከአይሮፕላኑ እንዲወድቅ መፍቀድ አይችልም፤ ተጠያቂውም ካሜራ ያሰረው ጓደኛው ሳይሆን እርሱ ራሱ ነው።

በምን እንደምትታሰር

በሱቅ የሚሸጠው ማሰሪያ ብዙ ዓይነት ነው። በጣም የተለመደችው በዕብራይስጥ «ቫኩም» የሚሏት የጎማ ኩባያ ናት፤ ተጭናችሁ አየሯን ስታወጡ ትጣበቃለች። ታዲያ የሚያጣብቃት ሙጫ አይደለም፤ በውጭ ያለው አየር ነው የሚጫናት። ከጎንደር ወይም ከሌላ ደጋ የመጣችሁ እናቶች ይህን ከማንም በላይ ትረዱታላችሁ። በደጋ ባቄላው ለመብሰል የሚዘገየው አየሩ ስለሚሳሳና ውኃው ገና ሳይግል ስለሚፈላ ነው። ቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። እንግዲህ በሐይፋ ዳርቻ አጥብቃ የያዘች የጎማ ኩባያ ያን ያህል ከፍታ ስትወጣ የያዘችበት ኃይል በዚያው ልክ ይቀንሳል።

በእስራኤል ለዚህ የተለየ ምሳሌ አለ። ከሙት ባሕር ዳር፣ ከማሳዳ ሥር ያለው የበረራ ሜዳ ከባሕር ጠለል በታች 378 ሜትር ገደማ ሲሆን በዓለም ዝቅተኛው ነው። ከዚያ ተነሥቶ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ የደረሰ አይሮፕላን በላዩ የነበረውን የአየር ግፊት ከስድስት አንድ እጅ ያህል ትቶት ወጥቷል። በዚያ ላይ የበረሃው ፀሐይ ጎማውን ያለሰልሰዋል፤ አቧራና የቆርቆሮው ብሎኖች ደግሞ አየር ያስገባሉ። የጎማ ኩባያ ብቻዋን ከአይሮፕላን ውጭ ካሜራ እንድትይዝ አደራ የሚጣልባት አይደለችም ብዬ አምናለሁ።

በሙጫ የሚለጠፍም አለ። ሙጫው ጥሩ ከሆነ ይይዛል፤ ነገር ግን ቦታው በአልኮል መጽዳት አለበት፤ ከተለጠፈም በኋላ አንድ ቀን ሙሉ መጠበቅ ያስፈልጋል። ጠዋት ለጥፎ ከሰዓት በኋላ መብረር ሙጫውን አለማወቅ ነው። ማግኔት ያለበት ማሰሪያ ደግሞ ለመኪና እንጂ ለአይሮፕላን አይሆንም፤ አልሙኒየም ማግኔት አይዝምና። ከሁሉ የሚሻለው በብሎን የሚታሰር ነው። አይሮፕላን በሜዳ ሲያድር በነፋስ እንዳይገለበጥ በገመድ የሚታሰርበት የብረት ቀለበት በክንፉ ሥር አለ፤ በዚያ ላይ እንዲገጠሙ ተብለው የተሠሩ ማሰሪያዎች አሉ። ዘንጉን ዙሪያውን የሚጨብጡም አሉ።

በየትኛውም ቢታሰር ሁለተኛ ማሰሪያ ያስፈልጋል፤ ቀጭን የብረት ገመድ ከካሜራዋ ወደ አይሮፕላኑ። ገመዱ አጭር መሆን አለበት። ረጅም ከሆነ የተላቀቀችው ካሜራ እንደ መዶሻ ቆርቆሮውን እየደበደበች ትበራለች፤ መሪዎቹ ውስጥ ገብታም ልትቀረቀር ትችላለች። አንዳንዱ ሰው ገመድ ካሰረ ሁሉን ነገር የጨረሰ ይመስለዋል፤ ርዝመቱን አይለካም።

ፈቃዱ ከማን ነው

አይሮፕላን እንደ መኪና አይደለም። መኪናችሁ ላይ የብስክሌት መስቀያ ብታስሩ ማንም አይጠይቃችሁም። አይሮፕላን ግን ለመብረር ብቁ ነው የሚል ምስክር ወረቀት አለው፤ ያ ወረቀት የተሰጠው አይሮፕላኑ ከነቅርጹ፣ ከነክብደቱ ተመርምሮ ነው። ከውጭ አንድ ነገር ስትጨምሩበት ወረቀቱ የመሰከረለት አይሮፕላን መሆኑ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። በአሜሪካ ለውጡ ቀላል ነው ወይስ ከባድ የሚለውን የሚመለከተው ባለፈቃድ መካኒክ ነው። ቀላል ከሆነ በአይሮፕላኑ መዝገብ ጽፎ ይፈርማል፤ ከባድ ከሆነ የተለየ ቅጽ ተሞልቶ፣ የጸደቀ ማስረጃ ቀርቦ ነው የሚፈቀደው። በእስራኤል የበረራ ጉዳይ የሚተዳደረው እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው የበረራ ሕግና በሥሩ ባሉት ደንቦች ነው፤ ተቆጣጣሪው «ረሹት ተዑፋ ኤዝራሒት» የሚባለው የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ልጃችሁ የሚበርበት አይሮፕላን የእርሱ አይደለም። የትምህርት ቤቱ ወይም የክበቡ ነው፤ የሚጠግነው መካኒክ አለው፤ ኢንሹራንስ አለው። ኢንሹራንሱ ደግሞ ሳይፈቀድ የተገጠመ ነገር ካገኘ ላለመክፈል ምክንያት ሊያደርገው ይችላል።

ስለዚህ ሁለት የዕብራይስጥ ዓረፍተ ነገር በቃላችሁ ያዙ። አንደኛው «ሚ ባዳክ ኤት ዜ?» ነው፤ ይህን ማን መረመረው ማለት ነው። ሁለተኛው «ዜ ራሹም በሴፈር ሃማቶስ?» ነው፤ በአይሮፕላኑ መዝገብ ተጽፏል ወይ ማለት ነው። ለበረራ አስተማሪው እነዚህን ሁለቱን ብትጠይቁት አያፍርባችሁም። ጥሩ አስተማሪ ከሆነ ደስ ይለዋል።

ይህን የምለው ስለማውቃችሁ ነው። በእኛ አስተዳደግ የተማረን ሰው፣ ያውም የደንብ ልብስ የለበሰን፣ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ነውር ይመስላል። «እርሱ ያውቃል፤ እኔ ማን ነኝ» እንላለን። አንዲት እናት ልጇ ሲበር ለማየት ሜዳ ድረስ ሄዳ ካሜራዋ በነፋስ ስትወዛወዝ አይታ ነበር። «ዝም አልኩ፤ ማይም ነች ይሉኛል ብዬ» አለችኝ። ደግነቱ ልጁ ራሱ ሳይነሣ አይቷት ፈታት። በበረራ ሥራ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በበረራ ዓለም ሰዎች ለዓመታት የሚሠለጥኑት ታናሹ ለታላቁ፣ ረዳቱ ለካፒቴኑ «ይህ ነገር ልክ አይመስለኝም» እንዲል ነው። ከሜዳው አጥር ጎን የቆመች እናትም «ያቺ ነገር ትወዛወዛለች» ብትል የሚሰማት አለ። በአማርኛ ብትል እንኳ በጣቷ ታሳያለች።

ሌላም አለ። ልጁ አስተማሪውን ወይም መካኒኩን ጠይቆ «አይቻልም» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። አንዳንዱ ልጅ ቤት ገብቶ «ኢትዮጵያዊ ስለሆንኩ ነው የከለከሉኝ» ይላል። በዚህ አገር እንዲህ ያለ ነገር የለም ብዬ አልዋሽም፤ ሥራዬም ስለሆነ አይቼዋለሁ። በካሜራ ጉዳይ ግን መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፦ ሌሎቹስ ተማሪዎች አስረው ይበራሉ? ሌላው ተፈቅዶለት የእናንተው ልጅ ብቻ ከተከለከለ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። ለሁሉም የተከለከለ ከሆነ ግን መካኒኩ ሥራውን ሠርቷል። ከአፉላ ብዙ በማይርቀው በመጊዶ ሜዳ ሞተር የሌላቸው ተንሸራታች አይሮፕላኖች ይበራሉ። በእነዚያ ላይ ከውጭ የምትታሰር ትንሽ ነገር እንኳ ነፋሱን ስለምትይዝ የመንሸራተቻውን ርቀት ታሳጥራለች፤ የተንሸራታች ሰው ማንም ይሁን ማን ሲጠይቀው ቢያቅማማ አትፍረዱበት።

የአብራሪው ዓይን

እስካሁን ያልኩት ስለ ማሰሪያው ነው። እኔን ከዚያ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን አብራሪው ወዴት እንደሚያይ ነው። ካሜራ ያለበት ወጣት ስለ ካሜራው ያስባል። ቀይ መብራቷ በርቷል? እየቀዳች ነው? እያለ በመስኮት ያጎነብሳል።

እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 2014 በአሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ አንዲት ባለ ሁለት ወንበር ሴስና በሌሊት ወድቃ አብራሪውና አብሮት የነበረው ሰው ሞቱ። መርማሪዎቹ በስብርባሪው መካከል አንዲት ጎፕሮ አገኙ። ካሜራዋ የአደጋውን በረራ አልቀዳችም፤ ከዚያ በፊት የተደረጉትን አጫጭር በረራዎች ግን ቀድታለች። በእነዚያ ላይ አብራሪውና ተሳፋሪዎቹ አይሮፕላኑ ገና ከመሬት ሲነሣ በስልካቸው፣ ያውም የሚበራ ፍላሽ እያበሩ፣ ራሳቸውን ፎቶ ሲያነሡ ይታያሉ። መርማሪዎቹም በአደጋው በረራ ስልኩ የአብራሪውን ሐሳብ ሳይሰርቀው አልቀረም ብለው ጻፉ።

በዚያው ዓመት የካቲት ውስጥ ደግሞ ከብሪታንያ ወደ አፍጋኒስታን 198 ሰዎች ይዞ ይበር የነበረ ትልቅ የጦር ኃይል አይሮፕላን በድንገት አፍንጫውን ደፍቶ በ27 ሰከንድ ውስጥ 4,400 ጫማ፣ ማለት ከ1,300 ሜትር በላይ ወረደ። ሰዎች ጣራው ላይ ተጋጩ፤ ብዙዎች ተጎዱ። ምክንያቱ የአብራሪው የግል ፎቶ ካሜራ ነበረች። በወንበሩ የክንድ ማሳረፊያና በመሪው መካከል ገብታ ነበርና ወንበሩ ወደ ፊት ሲገፋ መሪውን ገፋችው። ይህ ካሜራ ከውስጥ እንጂ ከውጭ አልነበረም፤ አብራሪውም ጀማሪ አልነበረም።

እንግዲህ ለልጃችሁ የምትነግሩት አንድ ደንብ ቢኖር ይህ ነው፦ ካሜራዋ በመሬት ላይ፣ ሞተሩ ሳይነሣ ትከፈት፤ ከዚያ በኋላ እስኪያርፍ ድረስ እንደሌለች ትቆጠር። ባትሪው ቢያልቅ ያልቃል። ፊልሙ ባይወጣ ሌላ ቀን አለ። ባትሪው በእውነትም ቶሎ ሊያልቅ ይችላል፤ በየ1,000 ጫማው ከፍታ አየሩ በ2 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ ባትሪው ይደክማል። ካሜራዋን መጀመሪያ ያሰረ ሰው የመጀመሪያውን በረራ አስተማሪው አጠገቡ ሆኖ፣ ጓደኛና ዘመድ ሳይዝ፣ በሜዳው ዙሪያ አጭር ዙር አድርጎ ቢያርፍና ማሰሪያውን በሁለት እጁ ስቦ ቢያየው ጥሩ ነው።

ካሜራዋን ከውስጥ ማሰርም ይቻላል፤ ለጀማሪ እኔ ይህን እመርጣለሁ። በኋላ መስኮት በኩል ከክንፉ ጋር የሚታየው ሥዕል መጥፎ አይደለም፤ ብትወድቅም ከወንበሩ ሥር ነው የምትወድቀው። ከውስጥ ስትታሰር ግን ከኮምፓሱ ትራቅ፤ የኤሌክትሪክ ዕቃ አጠገቡ ሲሆን ኮምፓሱ ሰሜንን ይስታል። የአብራሪውንም ዕይታ አትጋርድ።

የሲኒማ ሰዎች ይህን ሁሉ ከመቶ ዓመት ገደማ ጀምሮ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1927 በወጣው «ዊንግስ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ካሜራዎች በአይሮፕላኖቹ ላይ ታስረው ተዋናዮቹ በሰማይ ላይ ራሳቸው ያስነሡአቸው ነበር። ያ ፊልም የመጀመሪያውን የኦስካር ሽልማት ወሰደ። የዚያን ጊዜ ካሜራ ከባድ ስለነበረ ማሰሪያውን የሚሠራው ባለሙያ ነበር። አሁን ካሜራዋ ቀልላ ማንም በኪሱ የሚይዛት ሆነች፤ ባለሙያውን ግን ሰው ረሳው።

ስለ ፊልሙ ራሱ ሁለት ነገር ልጨምር። ፕሮፔለሩ በፊልሙ ላይ እንደ ሙዝ ተጣሞ ወይም ተቆራርጦ ቢታይ አይሮፕላኑ ተበላሽቶ አይደለም። ካሜራዋ ሥዕሉን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ስለምታነሣ፣ እርሷ እስክትጨርስ ፕሮፔለሩ ቦታውን ይለውጣል። በሌንሷ ላይ የምትደረግ ጥቁር መነጽር ብርሃኑን ስለምትቀንስ ነገሩን ታሻሽለዋለች። ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይከብዳል። በእስራኤል ከአየር ላይ የተነሣ ፎቶና ፊልም የወታደራዊ ሳንሱር ጉዳይ አለበት፤ የጦር ሰፈር ሳይታሰብ በሥዕሉ ሊገባ ይችላል። ልጃችሁ ፊልሙን ለሕዝብ ከመልቀቁ በፊት በክበቡ ያሉትን ኃላፊዎች ይጠይቅ፤ ደንቡን እነርሱ ያውቁታል።

ለዘመድ ለመላክም ቢሆን ከዚህ በኋላ ነው። ጎንደር ለቀሩት አያትና አጎት የሰዓት ፊልም መላክ ኢንተርኔታቸውን መጨረስ ነው፤ ካርዱን የሚሞሉት በገንዘባቸው ነው። ጎማው ከመሬት የሚላቀቅበት ሰዓት፣ አንድ መዞር፣ ከዚያም ማረፊያው፣ ተቆርጦ አንድ ደቂቃ ቢሆን ይበቃል። ከክንፉ ላይ የሚቀዳው ድምፅ የነፋስ ጩኸት ብቻ ስለሆነ እርሱን አጥፉትና ልጁ ካረፈ በኋላ ከአይሮፕላኑ አጠገብ ቆሞ የት እንደበረረ፣ ከላይ ሆኖ ምን እንዳየ በአማርኛ በስልኩ ይቅዳላቸው።